የአማቹ ጠመንጃ ያልተኮሰ ዕለት

ጠመንጃ ሲጮህ የሚደነግጥ ሰው ሞልቷል። ፊርሞ ገዲኒን ያስደነገጠው ግን ያልጮኸ ጠመንጃ ነው፤ ያውም የራሱ ያልሆነ። ድንጋጤውም ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥተው፣ ጥላ ሥር አረፍ ብለው የሚያሳልፉት ዓይነት አልነበረም።

በፖንቴሎ ፊርሞን የማያውቅ የለም። ሸለቆው ከላይ እስከ ታች ጠመንጃ ሠሪ ነው፤ እዚህ ልጅ ሲወለድ «የትኛው ፋብሪካ ይገባል?» ይባላል እንጂ «ሲያድግ ምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የፊርሞ አባት ሰደፍ ሲያለሰልስ ኖሮ ሞተ። ፊርሞም በአባቱ ወንበር ተቀምጦ ያንኑ እንጨት ሲልግና ሲያሽ ፀጉሩ ነጣ፣ ጡረታ ወጣ። ሚስቱ ቀድማው አልፋለች፤ ልጅ አልወለዱም። የቀሩት ታናሽ እህቱ አጎስቲና፣ ብሪና የምትባል ነጭ የአደን ውሻና የመንደሩ አዳኞች ማኅበር ሰብሳቢነት ናቸው። ከሦስቱ የትኛውን አብልጦ እንደሚወድ እህቱ ጠይቃው አታውቅም። መልሱን ፈርታ ሳይሆን አይቀርም።

ሰብሳቢ ያደረጉት አንደበቱ ርቱዕ ስለሆነ አይደለም። ፊርሞ ያላየውን አይተኩስም፤ ያላየውን የሚተኩስም ከእሱ ጋር አያድንም። ለጀማሪ ሁሉ የሚነግረው አንድ ነገር ነበር፤ «ቅጠል ተነቃነቀ ማለት ቅጠል ተነቃነቀ ማለት ነው።» ይህን የጣሰ ከማኅበሩ ይወጣል፤ ሰበብ አይሰማለትም፣ አማላጅ አይረዳውም። አንድ ጊዜ አንድ ጎረምሳ ቁጥቋጦ ውስጥ ኮሽታ ሰምቶ ቢተኩስ የሰው ውሻ አቆሰለ። እናትየው ፊርሞ ደጅ ድረስ መጥታ ለመነችው። «እመቤቴ፣ ዛሬ ውሻ ነው፤ ነገ የማን ልጅ እንደሚሆን አላውቅም» ብሎ በሩን ዘጋባት። ጨካኝ ነው ያሉት ነበሩ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ በፖንቴሎ ጫካ ከወፍ በቀር የቆሰለ ፍጥረት የለም፣ ሰዉም ይህን የፊርሞ ሥራ ነው ይል ነበር። ፊርሞ ሌላ ሀብት የለውም፤ ያለው ይህ ስም ነው።

የአጎስቲና ባል ኤቶሬ ይባላል። ባልና ሚስቱ አደባባዩ ጥግ ላይ መጠጥ ቤት አላቸው፤ እሷ ትሠራለች፣ እሱ ያወራል። ሳቂታ ሰው ነው፤ ጆሮው ከተኩስ ብዛት ግማሽ በግማሽ ስለደነቆረ ሹክሹክታው እንኳ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ከፊርሞ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ባልንጀሮች ናቸው፤ የማይስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሁለቱም ጠመንጃ ቃታ በተሳበ ቁጥር ራሱን የሚያጎርስ የወፍ ጠመንጃ ነው። ጠባቸው አጎራረሱ ላይ ነው።

የፊርሞ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱን ሰርቆ በዚያ ጉልበት ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ሌላ ጥይት ያገባል። ከበድ ይላል፣ ግን ትከሻ አይጎዳም። የኤቶሬ ደግሞ ጋዝ አያውቅም፤ ሲተኮስ ወደ ኋላ በሚረግጠው ርግጫ ብቻ ነው የሚያጎርሰው። እንደ ላባ ቀላል ነው፣ ውስጡም አይቆሽሽም፣ ነገር ግን እንደ በቅሎ ይራገጣል። ይህን ጉዳይ ሌላ አገር ሰዎች በግማሽ ሰዓት ተነጋግረው ይጨርሱት ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ጥቁር ጢም ይዘው ጀምረውት በነጭ ጢም ገና መሐሉ ላይ ናቸው።

«ያንተ ጠመንጃ ጥቀርሻ ነው የሚበላው» ይላል ኤቶሬ። «ጠዋት ትተኩስበታለህ፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ሕፃን ታጥበዋለህ።»

«ያንተ ደግሞ ከወፉ ይልቅ ባለቤቱን ነው የሚመታው። እስቲ ትከሻህን ግለጥና አሳያቸው፤ እህቴ በየሰንበቱ ቅባት ስታሽልህ አይደል የምትውለው?»

«እና ማን ይሽልኝ፣ አንተ?»

ጠጪው ይስቃል፣ ነገ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀመራል። አንድ ቀን አጎስቲና እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከባንኮኒው ኋላ ወጣች።

«በቃ ተቀያየሩ» አለች። «አንተ የሱን ያዝ፣ አንተም የሱን። ሸክላም ተኩሱ፣ ጫካም ውጡ፣ ፍርዱን ይዛችሁ ኑ። ከዚያ በኋላ ግን በቤቴ ውስጥ ስለ ጠመንጃ የሚያወራ ደጅ ቆሞ ነው የሚጠጣው።»

የመንደሩ ሰው ነገሩን እንደ ሠርግ ያዘው። ቅዳሜ ጠዋት ከመንደሩ በላይ ባለው የሸክላ መተኮሻ ሜዳ ተገኙ። ሸክላ ማለት ትንሽ ክብ ሳህን ናት፤ ማሽኑ ወደ ሰማይ ይወረውራታል፣ ተኳሹ አየር ላይ ይሰብራታል። ኤቶሬ በፊርሞ ጠመንጃ ተኮሰ። በዕድሜው እንደዚያ ሰብሮ አያውቅም። ከባዱ አፈሙዝ በእርጋታ ይዞራል፣ ትከሻውም ምንም አልተሰማው፤ ፊቱ ግን ጥርስ እንደሚያመው ሰው ተኮማትሮ ነበር። «እንደ ሶፋ ነው» አለ ሲጨርስ። «ደስ ይላል፣ እንቅልፍም ያመጣል።» ፊርሞ በኤቶሬ ጠመንጃ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር፤ እየቆየ ሲሄድ ትከሻው በለዘ፣ ምቱን እየጠበቀ ይሸማቀቅ ጀመር፣ ሸክላዎቹም ሳይነኩ እየሄዱ ሣሩ ላይ አረፉ። የሜዳው ፍርድ ለፊርሞ ጠመንጃ ሆነ፤ የዚያን ቀን ተኩስ የቆጠረ ሁሉ ይህን ይመሰክራል።

«ጫካው ይቀራል» አለ ኤቶሬ። «ዳገት ላይ ያንን ሰደፍህን ተሸክመህ እንገናኝ። ይቅርታ፣ እኔ ነኝ ለካ የምሸከመው።»

በማግስቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የካስታኛ ዛፍ ቅጠል መሬቱን በሸፈነበት ሰሞን ነው፣ ሁለቱ ብሪናን ይዘው ወጡ። የሚፈልጉት ቤካቻን ነው፤ ረጅም መንቆር ያላት፣ የደረቀ ቅጠል የመሰለች፣ ካልተነሳች በቀር ዓይን የማያገኛት የጫካ ወፍ። ከመለያየታቸው በፊት ኤቶሬ ጠመንጃውን ሲያስረክብ የፊርሞን ክንድ ያዘ።

«ስማ አማቼ፣ መዝጊያውን ወደ ኋላ ስበህ ስታበቃ ልቀቀው። እንደ ራስህ ጠመንጃ በመዳፍህ አባብለህ አታስገባው። ይህ ብረት በራሱ ጉልበት ካልተወረወረ በደንብ አይቆልፍም። ካልቆለፈ ደግሞ ቃታውን ብትስብ ቀጭ ብሎ ዝም ነው።»

«ጠመንጃ ልታስተምረኝ ነው?»

«አይ፣ ላስታውስህ ነው።»

«ለራስህ አስታውስ። ጆሮህ የሰማውን ረስቶብህ እንዳይሆን።»

ኤቶሬ ስቆ በታችኛው ጥግ ሄደ፤ ፊርሞ በላይኛው። ስምምነታቸው ይህ ነው፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ፣ ውሻዋ መሐል። ብሪና አንገቷ ላይ ቃጭል አለ። ቃጭሉ ሲያቃጭል ውሻዋ እየፈለገች ነው፤ ዝም ሲል ወፏ ፊት ቆማለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሁለቱም አዳኞች «እዚህ ነኝ» ብለው ይጠራሉ፣ ሁለቱም መልስ እስኪሰሙ ማንም አፈሙዝ አያነሳም። ይህንን ወግ ለወጣቶቹ ሲያስተምር የኖረው ፊርሞ ራሱ ነው።

መንገዱ ላይ የከብት አጥር አለ። ፊርሞ እንደ ደንቡ ጥይቱን አውጥቶ አጥሩን ተሻገረ፣ ወዲያ ማዶ ቆሞ መልሶ አጎረሰ። ብረት ሲጋጭ ወፍ ያስበረግጋል። ስለዚህ መዝጊያውን በመዳፉ ይዞ ቀስ አድርጎ፣ ድምፅ ሳያሰማ መለሰው። ይህን ሲያደርግ አላሰበበትም። እጁ ዕድሜ ልኩን የኖረበት ነው፤ የራሱ ጠመንጃም እስከ ዛሬ ይህን ችሎለት ኖሯል።

ጥቂት እንደሄደ ቃጭሉ ዝም አለ።

ብሪና ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ፊት ደርቃ ቆማለች። «እዚህ ነኝ» አለ ፊርሞ ዝቅ ባለ ድምፅ። መልስ የለም። ድጋሚ መጥራት ነበረበት። ጮክ ብሎ መጥራት ነበረበት፤ ለደንቆሮ አማች በሹክሹክታ አይጠራም። ነገር ግን ትናንት ሜዳው ላይ የሳታቸው ሸክላዎች ትከሻው ላይ ገና እየነደዱ ነበር። በዚህ ጠመንጃ አንድ ነገር ጥሎ መግባት አማረው። ኤቶሬ ደግሞ ከታች ነው፣ ስምምነቱ ይህ ነው። ቁጥቋጦው ውስጥ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፤ ቡናማ ነገር ብድግ አለ። ፊርሞ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ቃታውን ሳበ።

ቀጭ አለ።

ሌላ ምንም አልነበረም። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ካለችው ትንሽ ነጥብ በላይ፣ በቅጠሉ መሐል፣ የኤቶሬ ቡናማ ባርኔጣ ነበር። ከባርኔጣው ሥር ፊቱ፣ ከፊቱ ሥር ደረቱ። በሁለት እጁ እንጉዳይ ታቅፏል። እንጉዳይ አይቶ ከታች ወደ ላይ ወጥቶ፣ አጎንብሶ ሲለቅም ቆይቶ፣ አሁን ቀና ማለቱ ነው። ከጎኑ ቤካቻዋ ፍርርር ብላ ተነስታ በካስታኛዎቹ መሐል ሄደች።

ኤቶሬ ዓይኑ ወፏን ተከትሎ ነበር። ዞሮ ፊርሞን ሲያየው አፈሙዙ መሬት ደርሷል።

«ምነው አልተኮስክም? ፊት ለፊትህ እኮ ነው የተነሳችው።»

ፊርሞ ክው ብሎ ቀረ። አጠገቡ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ የወጣው ግን «ቀጭ አለብኝ» የሚል ብቻ ነበር።

«ቀጭ?» ኤቶሬ እንጉዳዩን ባርኔጣው ውስጥ አስቀምጦ ቀረበ። ጠመንጃውን ተቀብሎ መዝጊያውን ሳበው፤ ጥይቱ ወጥቶ ቅጠሉ ላይ ወደቀ። አንስቶ ኋላውን አገላብጦ አየው፤ የመምቻው መርፌ ምልክት የለበትም። «አባብለህ ነው አይደል ያስገባኸው?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አዎ ቢል ኤቶሬ ስቆበት፣ ሰድቦት፣ ከዚያም ወዴት እንዳነጣጠረ ጠይቆት ነገሩ እዚያው ጫካ ውስጥ ያልቅ ነበር። ፊርሞ ግን ገና የአማቹን ፊት ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ ማውረድ አልቻለም፤ በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሆኖ አፉ በራሱ ተናገረ።

«ለቀቅኩት» አለ። «እንደነገርከኝ።»

ኤቶሬ ጠመንጃውን እንደታመመ ልጅ ታቀፈው። «እንግዲያ ስፕሪንጉ ሞቷል» አለ በመጨረሻ። «አርጅቷል ማለት ነው። አንተስ ምን ሆነህ ነው እንደዚህ የነጣኸው? በአንዲት ወፍ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ወሬው በዚያው ምሽት መንደሩን ሞላው። ጠጪው ሁሉ ለፊርሞ ድል አጨበጨበ፤ ኤቶሬ ሲያሞግሰው የኖረው ጠመንጃ ወፍ ፊት አፉን ዘጋ ተባለ። ከፋብሪካ የሚወጡት ወጣቶች ወደ መጠጥ ቤቱ ሲገቡ በምላሳቸው «ቀጭ» ይሉ ጀመር። ዳርዮ የሚባል ለዛው ያለቀ ቀልደኛ ደግሞ ብርጭቆውን እያነሳ፣ «ኤቶሬ፣ ይሄ ወይን ይቀዳል ወይስ እሱም ቀጭ ይላል?» ይለዋል። ኤቶሬ መጀመሪያ አብሮ ሳቀ። ቀጥሎ ፈገግ ማለት ጀመረ። በመጨረሻም ደንቆሮነቱ በጀው፣ እንዳልሰማ ሆነ።

ፊርሞ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያያል። ማታ ማታ ዓይኑን ሲጨፍን ባርኔጣውን ያያል፤ ቀን ቀን ደግሞ አማቹ አንገቱን ሲደፋ ያያል። ጠመንጃውን ነጻ ለማውጣት «አባብዬ ነው ያስገባሁት» ማለት ይበቃል። ግን ከዚያ ቀጥሎ «ወፏ በየት በኩል ነበረች?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሁሉም አዳኝ ነው። ከዚያ የሰብሳቢው ስም ያበቃለታል። ያች ደጁ ላይ የለመነችው እናት ትሰማለች። እህቱ ትሰማለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የፊርሞ ግን እያደር ከበደው። ምግብ ማኘክ አቃተው፣ ብሪናን ይዞ መውጣትም ተወ፤ የቃጭሉ ድምፅ ሲቆም ልቡ አብሮ ይቆምበት ነበር።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ መጠጥ ቤቱ ሞልቷል። አጎስቲና በብረት ዘንግ ተሰክቶ የተጠበሰ ሥጋ ከበቆሎ ገንፎ ጋር ለወንድሟ አቅርባለታለች፤ እሱ በሹካው ያንቀሳቅሰዋል። ኤቶሬ ከውጭ ገባ፣ ካፖርቱን ሰቀለ።

«የት ነበርክ?» አለች ሚስቱ።

«ጠመንጃውን ሸጥኩት።»

ሳቁ ቆመ። ዳርዮ እንኳ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ለማን?» አለ ፊርሞ።

«ከበርጋሞ ለመጣ ሰው። ደኅና ነው ወይ አለኝ፤ አይደለም፣ ፈርሶ ለመለዋወጫ ካልሆነ አይሆንም አልኩት። ሰው ማታለል ደግ አይደለም።» ኤቶሬ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሞከረ፣ አልሆነለትም። «አባቴ ነበር የገዛልኝ። ይሁን። ከእንግዲህ ቀጭ የሚል አይኖርም።»

ፊርሞ ተነሳ። ወንበሩ ከኋላው ወደቀ፤ ያነሳው የለም።

«ጠመንጃው ደኅና ነው» አለ። «አባብዬ ነው ያስገባሁት። አታድርግ ያልከኝን ነው ያደረግኩት፤ ከዚያ ዋሸሁህ።»

ኤቶሬ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር። «ታዲያ ይህን ለመናገር…»

«አልጨረስኩም። ወፏን አይቻት አልነበረም። ቅጠሉ ሲነቃነቅ ነው የሳብኩት። አንተን ነው ያነጣጠርኩት፣ ኤቶሬ። እንጉዳይ ይዘህ ብድግ ስትል።» ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ሕጉን ታውቁታላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰብሳቢ ፈልጉ፤ እኔም ከማኅበሩ ወጥቻለሁ።»

 አጎስቲና የያዘችው ሳህን ከእጇ አልወደቀም፤ ነገር ግን መረቁ ዘንበል ብሎ ጫማዋ ላይ ሲፈስ አልታወቃትም። አንዱ ሽማግሌ አማተበ። ዳርዮ ከንፈሩ እንደ ኖራ ነጥቶ ወለሉን ያይ ጀመር።

«የቱ ጋ?» አለ ኤቶሬ።

«ምን የቱ ጋ?»

«የቱን ቦታ ነበር ያነጣጠርከው? እጅህን አንሳና አሳየኝ።»

ፊርሞ እጁን አነሳ፣ የራሱን ደረት ነካ፤ ከልቡ ትንሽ ከፍ ብሎ። ርቀቱን ሁሉም በልቡ ለካው። በዚያ ርቀት የወፍ ጥይት ምን እንደሚያደርግ ለዚህ ሸለቆ ሰው የሚነግረው አያስፈልገውም።

ኤቶሬ ከፊርሞ ገበታ ማዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሲናገር፣ ሰዎች ሲያውቁት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ብትገድለኝ ስህተት ይሆን ነበር» አለ። «እሷም አልቅሳ፣ አልቅሳ፣ አንድ ቀን ይቅር ትልህ ነበር፤ ወንድሟ ነህ። እነዚህ ሁሉ ሲስቁብኝ እዚያ ጥግ ተቀምጠህ ያየኸው ግን ስህተት አይደለም፣ ፊርሞ። እሱን አውቀህ ነው ያደረግኸው።»

ፊርሞ ባርኔጣውን አንስቶ ወደ በሩ መራመድ ሲጀምር እህቱ መንገዱ ላይ ቆመች። ፊቷ ላይ ቁጣም እንባም አልነበረም፤ የሰማችው ገና ልቧ አልደረሰም።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው። «አጠፋሁ ብለህ ጥለህን ልትወጣ? ወንበሩን አንሳና ተቀመጥ።»

«አጎስቲና…»

«ተቀመጥ አልኩህ። ኤቶሬ እስኪነሳ አትነሳም።»

ወንበሩን አንስቶ ተቀመጠ። ከፊት ለፊቱ ኤቶሬ መስኮቱን ያያል፤ ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ነው፣ መቼ እንዳስቀመጠው እንኳ የሚያውቅ አይመስልም።